የሎሚ ጨውና የእሳት ውሃ

የጅዳ ውሃ በማፍያ ውስጥ ሲቆይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። በኒ ማሊክ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ያለችው የኤሌክትሪክ ማፍያ ሦስት ሳምንት ካልታጠበች ሆዷ ኖራ የተቀባ ይመስላል፤ ሻዩም አፍ ላይ ይሻክራል። ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚኖረውን ጀማልን «መደርደሪያው ላይ የሎሚ ጨው አለ፤ አንድ ማንኪያ ጨምረህ አፍላው፣ ቅርፊቱ ይለቃል» አልኩት። ጀማል ከወሎ ከመጣ አንድ ወር አልሞላውም። ከረጢቱን አነሣ፤ ላዩ ላይ የተሣለችውን ቢጫ ሎሚ አየ፤ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰው።

«ጋሽ ሙሄ፣ እኔ ይሄን አልነካም።»

«ለምን?»

«የሰዒድን ዓይን ያጠፋው ይሄ አይደለም እንዴ?»

ሰዒድ የጀማል ታላቅ ወንድም ነው። እኔ ደግሞ ዓይኑ በጠፋ ቀን አጠገቡ ነበርኩ።

«ማን ነው የሎሚ ጨው ነው ያለህ?» አልኩት።

«ራሱ ነዋ! ለእማዬም፣ ለሁላችንም የነገረን እንደሱ ነው። መካ ላይ ስንሠራ የሎሚ ጨው ዓይኔ ገባ፣ የአላህ ቀደር ነው፣ አለ። እማዬ ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሎሚ አታስቆርጥም።»

ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። የሎሚ ጨው አልነበረም። ሰዒድ ይህን በደንብ ያውቃል፤ ያን ቀን ያየችው ሐኪም ስትናገር በጆሮው ሰምቷል። እንግዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቱ ፊት የኔን ውሸት ተሸክሞልኝ ኖሯል ማለት ነው። እኔ ያን አላውቅም ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ሰዒድ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር ውስጥ አሮጌ ፎቅ ላይ ሰባት ሆነን አንዲት ክፍል እንጋራለን። ከሰባታችን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቀን ቀን ስለማይኖር ፖሊስ መጣ በተባለ ቁጥር ስድስታችን ወደ ጣሪያ እንሮጣለን። ጠዋት ጠዋት ከፉል ቤቱ ፊት እንቆማለን። ትኩስ ተሚዝ ዳቦ ለሁለት ቆርሰን፣ ፉሉን ጋዜጣ ላይ አስቀምጠን፣ እየበላን መኪና እንጠብቃለን። የጭነት መኪና ቀስ ሲል ሁሉም ሙያውን ከፍ አድርጎ ያሳያል፦ ቀለም ቀቢው ብሩሹን፣ ግንበኛው ማንኪያውን። እኔ የማሳየው አልነበረኝም። የማውቀው ሲሚንቶ ማቡካትና በሰራሚክ ካርቶን ጀርባ ላይ ስንኝ መጫር ነበር። ሰዒድ ይህን ስላየ «ያ ሻዒር!» ብሎ ይጠራኛል፤ በዐረቡ አፍ ገጣሚው ማለት ነው። ግጥሙን ያከበረ እንዳይመስላችሁ። «ያ ሻዒር፣ ግጥሙ ይቆይና አሸዋውን ንፋ!» ሊል ሲፈልግ ነው።

ሰዒድ ሰራሚክ አንጣፊ ነበር። ውሃ ልክ ነበረው፤ ከቦርሳው ግን ብዙም አያወጣውም። አንድ መስመር በጨረሰ ቁጥር ወለሉ ላይ በደረቱ ይተኛል፤ ቀኝ ጉንጩን ሰራሚኩ ላይ ያስጠጋል፤ ግራ ዓይኑን ይጨፍንና በቀኙ በመስመሩ ላይ ያነጣጥራል። የተነሣች ጠርዝ ካለች፣ የጥፍር ያህልም ብትሆን ያገኛታል። «ውሃ ልክ የሚዋሽበት ቀን አለ» ይል ነበር፤ «ይቺ ግን ዋሽታኝ አታውቅም» እያለ የቀኝ ዓይኑን ቆብ በጣቱ ይነካል። የመታጠቢያ ቤት ወለል ሲያነጥፍ ደግሞ ወደ ፍሳሹ ቀዳዳ ዘቅዘቅ ማለት አለበት፤ ያንን የሚፈትነው በሻይ ነው። ከብርጭቆው ሥር የተረፈችውን በሩ አጠገብ ያፈስና ተኝቶ ያያታል። ሻይዋ የትም ሳትቆም፣ ቀጥ ብላ ቀዳዳዋ ጋ ስትደርስ «በስመላህ ሄደች» ይላል። በዚህ አገር ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚያች የሻይ መንገድ ውብ ሆኖ የታየኝ ነገር ጥቂት ነው።

ሐጅ ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት ዓም ያሲን መጡ፤ ዓም አጎት እንደማለት ነው። ዓም ያሲን መካ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ አያታቸው ከኛው አገር ለሐጅ መጥተው የቀሩ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከእናታቸው ጓዳ የተረፈ ስለሆነ ግማሹ ዐረብኛ ነው። የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ኃላፊ ነበሩ፤ ሕንፃው ለሐጃጆች ይከራያል። ሰዒድ የመታጠቢያ ቤቶቹን ወለል በክረምቱ፣ ማለቴ እዚህ ክረምት በሚባለው፣ ሙቀቱ ቀለል ባለ ጊዜ አንጥፎላቸው ነበር። የቀረው ሰራሚኩ ላይ የደረቀውን የሲሚንቶ ጭጋግ ማጽዳት ነው።

«ሸባብ፣ ሥራው የአራት ቀን ነው። ሐጃጆቹ ጁሙዓ ይገባሉ። ከዚያ በፊት ኸላስ ማድረግ አለባችሁ» አሉን።

የሄድነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ሰዒድና ሸህ እንድሪስ። ሸህ የምንላቸው ሶላት ስለሚያሰግዱን ነው እንጂ ኪታብ የቀሩት ትንሽ ነው፤ ሥራቸው ሲሚንቶ መሸከም ነበር። በዚያ ወቅት ወደ መካ የሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ኬላ ቁጥጥሩ ይጠብቃል፤ ፈቃድ የሌለው አያልፍም። የአልጋ ፍራሽ በጫነች መኪና፣ በፍራሾቹ መካከል በተተወ ክፍተት ተኝተን ሄድን። ፍራሾቹ በላስቲክ ስለተጠቀለሉ ላባችን ላስቲኩ ላይ ይንጠባጠባል። በአንዲት ቀዳዳ ጥቋቁር ድንጋያማ ኮረብታዎች ሲያልፉ አያለሁ፤ ቅጠል የለባቸውም። ሸህ እንድሪስ በሹክሹክታ እንደ ሐጃጅ «ለበይክ» ይላሉ፤ ሰዒድ «ሸህ፣ በፍራሽ ውስጥ የሐጅ ኒያ ይያዛል እንዴ?» ብሎ ያሳስቀናል። መኪናዋ ቆመች፤ የወታደር ድምፅ ሰማን፤ ሄደች። ሦስታችንም እስኪበቃን ሳቅን።

ዓም ያሲን ለማጽጃ የሰጡን የሎሚ ጨው ነው፤ ሁለት ከረጢት። በሙቅ ውሃ ይሟሟል፤ ወለሉ ላይ ይፈስሳል፤ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፤ ከዚያ በብሩሽ ይፈተጋል። ጭጋጉ ወፈር ካለ ይደገማል። «ሞየት ናር ቤቴ እንዳይገባ!» ብለው አስጠንቅቀውናል። ሞየት ናር የእሳት ውሃ ማለት ነው፤ የተዘጋ ቱቦ የሚከፍቱበት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። ትነቱ የቧንቧዎቹን ኒኬል ያጠቁራል፤ የሳሎኑን እብነ በረድም ይበላዋል። «አንድ ቀን ቢቆይ ይሻላል፤ በሎሚ ሥሩ» አሉ።

በመጀመሪያው ቀን አራት መታጠቢያ ቤት ጨረስን። ሃያ አለ። ሎሚው ይንፏቀቃል። ጓንት ስላልነበረን የተሰነጠቀ ጣታችን ውስጥ እየገባ ያቆነጥጠናል፤ አልፎ አልፎ ፊታችን ላይ ሲፈናጠቅ በክንዳችን ጠርገነው እንስቃለን። ሰዒድ ምላሱን አስነክቶ «ሰላጣ ቢኖር ጥሩ ነበር» አለ።

እኔ ግን መጠበቅ አልችልም። ያኔ ምንም ነገር መጠበቅ አልችልም ነበር፤ ምግብም፣ መኪናም፣ ስንኝም እስኪበስል። ደግሞም የአሥረኛ ክፍል ትምህርት ራሴ ላይ ወጥቶ ነበር። የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለው በግራ በኩል ኦርጋኒክ አሲዶች ብለው ሎሚን፣ ኮምጣጤን፣ የረጋ ወተትን፣ ጉንዳን ነክሶ የሚተወውን ጻፉ። በቀኝ በኩል ኢንኦርጋኒክ አሲዶች ብለው ሃይድሮክሎሪክን፣ ሰልፈሪክን፣ ናይትሪክን። የግራዎቹ ካርቦን አለባቸው፤ ብዙዎቹ ሕይወት ካለው ነገር ይገኛሉ፤ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ሃይድሮጅናቸውን ቆንጠር እያደረጉ ነው የሚለቁት፣ የቀረውን ይዘው ይቆያሉ። የቀኞቹ ከማዕድን ይወጣሉ፤ ውሃ ሲያገኙ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። «ስለዚህ ግራዎቹን ደካማ፣ ቀኞቹን ብርቱ እንላቸዋለን» አሉ። በሃያ ዓመቱ ደካማውን የሚመርጥ ማን አለ?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለቁርስ ወጥቼ ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ አንድ ጀሪካን ሞየት ናር ገዛሁ። ለማንም አልተናገርኩም። በልብሴ ሸፍኜ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣሁ። ደረጃውን ስወጣ ስንኝ እየገጠምኩ ነበር፤ አሁንም አልረሳሁትም፦

ሎሚ ደጅ ይጠናል ቀኑን ሙሉ ቆሞ፣
ሞየት ናር ይገባል ሳያንኳኳ ቀድሞ።

ሐሳቤ ሰዒድን ማስደነቅ ነበር። ግማሽ ሰዓት የሚፈጀውን ጭጋግ በአንድ ደቂቃ ሲለቅ ያያል፤ ያኔ ስንኙን እነግረዋለሁ፤ ይሄ ነበር ዕቅዴ። በዚያ ላይ ውሃ ሊያልቅብን ነበር። የሕንፃው ጋን ደርቋል፤ ዓም ያሲን ቦቴ ሊያመጡ ሄደዋል። የቀረችውን ውሃ ለሎሚው አንድ ባልዲ፣ ለሞየት ናሩ አንድ ባልዲ አድርጌ በረዝኩበት። ሁለቱም ባልዲ ውስጥ ያለው ውሃ መሳይ ነው። ልዩነታቸው በአፍንጫ ይታወቃል፤ እኛ ግን ለአቧራው አፍንጫችንን በጨርቅ ሸፍነን ነበር።

ባልዲውን ይዤ ስገባ ሰዒድ እንደ ልማዱ በደረቱ ተኝቷል። ፊቱ ያለው ፍሳሹ ቀዳዳ አጠገብ፣ ጉንጩ ሰራሚክ ላይ ነው። አንዲት ጠርዝ ተጠራጥሮ እየተመለከተ ነበር።

«ተነሥ፣ ላፍስሰው» አልኩት።

«ቆይ፣ አንዲት መስመር ቀረችኝ።»

አልቆየሁም። «በሩ ጋ ነው የማፈስሰው፤ አይነካህም» ብዬ በሩ ሥር፣ ጭጋጉ የወፈረበት ላይ ደፋሁት። ወዲያው ተንጫጫ። ነጭ አረፋ ተነሣ፤ ዘይት የነካው መጥበሻ ይመስል ጮኸ። ሰዒድ ዓይኑን ከመስመሩ ሳያነሣ ጠየቀኝ።

«ሎሚው ነው?»

«አዎ» አልኩት።

ለምን አዎ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ተነሥቶ እንዲያይብኝ አልፈለግሁም፤ አረፋው ሥራውን እስኪጨርስ። ከዚያ የከበደ ምክንያት ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ የለኝም።

ወለሉን ያነጠፈው ሰዒድ ነው። የትም ቦታ ሳይቆም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ቀዳዳዋ እንዲወርድ አድርጎ። አሲዱ ባስተካከለለት መንገድ ወረደ። አረፋው ጉንጩ ጋ ሲደርስ ፊቱ አጠገብ አንድ የሲሚንቶ ጉብታ ነበር፤ እዚያ ላይ ፈልቶ ፈነጠቀ። ሰዒድ ብድግ አለና በክንዱ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«ዛሬ ደግሞ ሎሚው ተቆጥቷል» ብሎ ሳቀ።

ሦስት ወይም አራት ጊዜ አሽቶታል። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ጮኸ፤ እንደዚያ ያለ ጩኸት ከሰው ሰምቼ አላውቅም።

ሸህ እንድሪስ ከሚቀጥለው ክፍል ሮጠው መጡ። ውሃ የለም። ቧንቧውን ከፈትኩት፤ ነፋስ አፏጨብኝ። ሸህ እንድሪስ የቀረውን ባልዲ አንሥተው «በዚህ እንጠበው፣ ሎሚ ነው፣ ይቀላል!» አሉ። እጃቸውን ያዝኩ። «ይሄም አሲድ ነው ሸህ፣ በአሲድ ላይ አሲድ አይጨመርም!» አልኩ። በዚያ ቀን እስከዚያች ሰዓት የተናገርኩት እውነት ይህ አንድ ብቻ ነው። እሳቸው ግን ባልዲውን እንደያዙ አፈጠጡብኝ። «ታዲያ ዓይኑ ውስጥ የገባው ምንድን ነው?» አሉኝ። ወደ ታች ሮጥኩ።

መግቢያው ላይ፣ ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ጀርባ፣ ለሐጃጆች የተዘጋጀ የዘምዘም፣ የመካው ቅዱስ ምንጭ ውሃ፣ ጀሪካን እስከ ደረቴ ተደርድሮ ነበር። አየሁት። አጠገቡ አለፍኩ። ይህን ስናገር ሰው ላያምነኝ ይችላል፤ ግን ውሃ ሆኖ አልታየኝም። ዘምዘም እናቶቻችን በጣት ጠብታ የሚቀምሱት፣ ለታመመ የሚሰጥ፣ ቆመው ወደ ቂብላ ዞረው የሚጠጡት ነው። ውሃ ፍለጋ ዘምዘምን አልፌ ወደ መንገድ ወጣሁ።

የዙህር አዛን እያለ ነበር። በዚያ ዘመን ሱቆች በሶላት ሰዓት ይዘጋሉ። የሱቁን የብረት በር ደበደብኩ፤ የሚከፍት አጣሁ። ሁለተኛውም ተዘግቷል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። አንድ ታክሲ ነጂ ከመኪናው ግማሽ ጠርሙስ ውሃ ሰጠኝ፤ ሙቅ ነበር። እሱን ይዤ አራት ፎቅ ወጣሁ። በአንድ ጊዜ አለቀ። ሰዒድ ግድግዳውን በእጁ እየመታ «ጨምር! ጨምር!» ይላል።

ሸህ እንድሪስ በዝግታ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «ታች ዘምዘም አለ እኮ» አሉ።

«አለ።»

ሁለታችንም ወለሉን አየን። የመታጠቢያ ቤት ወለል ነው፤ መጸዳጃውም እዚያው ነው።

«እዚህ አናፈስሰውም» አሉ ሸህ እንድሪስ። «መጀመሪያ እሱን ወደ ታች እናውርደው።»

እኔም ተስማማሁ። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው አእምሯችንን የሳትን ይመስለኛል፤ ያኔ ግን ለአንዳችንም ስህተት አልመሰለንም። ዓይኑ የሚቃጠል ሰው በብብቱና በእግሩ ይዘን፣ ውሃውን ወደ እሱ በማምጣት ፈንታ እሱን ወደ ውሃው ይዘን፣ ደረጃ መውረድ ጀመርን። ይፈራገጣል። ሸህ እንድሪስ ተደናቀፉ፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጥለነው እንደገና አነሣነው። ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ስንደርስ ዓም ያሲን እየወጡ ነበር፤ ቦቴውን አቁመው መምጣታቸው ነው።

«ኢሽ ፊ? ምን ሆነ?»

«አሲድ ገባበት። ወደ ዘምዘሙ እየወሰድነው ነው» አልኩ።

እኒያ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ደረጃውን እንደ ወጣት ወረዱት። በሁለት እጃቸው ሁለት ጀሪካን ይዘው ተመለሱ፤ ክዳኑን በጥርሳቸው ፈልቅቀው፣ የሰዒድን ራስ በጉልበታቸው መካከል ይዘው፣ እዚያው ደረጃው ላይ ማፍሰስ ጀመሩ። ውሃው በደረጃው እየዘለለ እስከ መግቢያው ወረደ። «ውሃ ነው!» እያሉ ይጮኹብናል። «ያ ጀማዓ፣ ውሃ ነው እኮ! አላህ ምን ሊያደርግ ያወጣው መሰላችሁ? ሌላ አምጡ! የላ!» ሸህ እንድሪስ እያለቀሱ ያቀብላሉ። ስንት ጀሪካን እንደፈሰሰ አላውቅም። ቆይቷል ግን፤ በጣም ቆይቷል።

ሆስፒታል በር ላይ ወረቀት ሲጠየቅ ዓም ያሲን «የእህቴ ልጅ ነው» አሉ፤ ቆዳቸውን ያየ ማመን ይችላል። ሐኪሟ ሱዳናዊት ነበረች። የዓይኑን ቆብ በሁለት ጣት ከፍታ በብርሃን አየች። ጥቁሩ ላይ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል።

«ምን ነበር?» አለች በዐረብኛ።

ሰዒድ ቀድሞ መለሰ። «ለይሙን። የሎሚ ጨው።»

«ለይሙን ያቃጥላል፤ እንዲህ ግን አያነጣውም። ማን ነበር አብሮት?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ሞየት ናር ነው» አልኩ።

ሐኪሟ ጓንቷን ቀይራ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማታ ዓይኑን በፋሻ ከሸፈኑት በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ፋሻው ሁለቱንም ዓይን ሸፍኖታል፤ ፊቱን ግን ወደኔ አዙሮ ነበር።

«ባልዲው ተቀያይሮብኝ ነው» አልኩት።

«ተቀያይሮብህ?»

«አዎ።»

የፋሻውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። «እሺ» አለ በመጨረሻ።

ቀኝ ዓይኑ አልተመለሰም። በዓም ያሲን ቤት አንድ ወር ተኛ፤ ሚስታቸው በእጃቸው አበሉት። ከዚያ ወደ ጅዳ ተመልሶ ለመሥራት ሞከረ። ጉንጩን ወለሉ ላይ ያስጠጋል፤ ቀኙን ጨፍኖ በግራው ያያል፤ መስመሩ ግን ይጣመምበታል። አንድ ቀን ያነጠፈውን ወለል ሁሉ ራሱ በመዶሻ ሰበረው። በሳምንቱ ለፖሊስ እጁን ሰጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ዛሬ ወፍጮ ቤት ይሠራል።

እኔ ቀረሁ። ቀስ በቀስ ኢቃማ አገኘሁ፤ ወለልና ገንዳ ማጽዳት ሙያዬ ሆነ። ስለ አሲዶች በስልኬ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አስተማሪያችን አልዋሹም፤ እኔ ግን ግማሹን ነበር የያዝኩት። ደካማ ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም፤ ያልተበረዘ የኮምጣጤ አሲድ ቆዳ ይልጣል፤ ዝገት የምናስለቅቅበት ኦክሳሊክ አሲድ ኦርጋኒክ ነው፣ የዋጠውን ግን ይገድላል። ከማዕድን የሆነው ሁሉም ብርቱ አይደለም፤ ጋዝ ያለው ውሃ ውስጥ የሚንጫጫው ኢንኦርጋኒክ ነው፣ ሕፃን ይጠጣዋል። ሞየት ናር ብለን የምንፈራው ደግሞ በያንዳንዳችን ሆድ ውስጥ እህል ይፈጫል። እንግዲህ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይበቃም፤ ምን ያህል እንደሆነና ማን አጠገቡ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የምቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የትኛውም ገጽ ላይ «አዎ» የምትለዋ ቃል የለችም።

ለጀማል የሎሚ ጨዉን ከረጢት በመለሰበት ምሽት ሁሉንም ነገርኩት። ጀሪካኑን በልብሴ እንደሸፈንኩ፣ «ሎሚው ነው?» ሲለኝ ምን እንደመለስኩ፣ ባልዲው እንዳልተቀያየረ። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ስልኩን ይዞ ወደ ደረጃው ወጣ። ድምፁን እሰማለሁ፤ የሚለውን ግን አልሰማም። ሲመለስ ፊቱን ሳያዞርብኝ ስልኩን ዘረጋልኝ።

«ያ ሻዒር» አለ ሰዒድ። ከጀርባው የወፍጮው ድምፅ አለ።

«ሰዒድ... ባልዲው አልተቀያየረም።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠየቅሁህ ሰዓት ጀምሮ። መቶ ወለል በሎሚ አጥቤ ሎሚ እንዴት እንደሚንጫጫ አላውቅም? ሎሚ ሹክ ነው የሚለው። ያ ይጮህ ነበር።» ከወፍጮው በላይ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጆሮዬ ተነሥ አለኝ። አንተ አዎ አልከኝ። ጆሮዬን ትቼ አንተን አመንኩ።»

ይቅር በለኝ አልኩት፤ አሥራ ሁለት ዓመት የቆየ ይቅርታ አፍ ላይ እንዴት እንደሚያንስ የሞከረው ያውቃል።

«ለእማዬ ሎሚ ያልኳት ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ» አለኝ። «እሷ ሰው ይህን አደረገብኝ ብላ እንዳትኖር ነው። አሁን ጀማልን ሙያ አስተምረው። ሲጠይቅህ ግን የሆነውን ንገረው። ሌላ የምልህ የለኝም።» ወፍጮው እየጮኸ ስልኩ ተዘጋ።

በማግሥቱ ጀማል ጓዙን ይዞ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደም፤ የሚሄድበት የለውም። በዚህ ሳምንት ኦብሑር ባሕሩ ዳር አንድ ቪላ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ እያጠብን ነው፤ ነፋሱ ጨው ይዞ ይመጣል፤ የገንዳው ሰማያዊ ሰራሚክ ላይ ኖራ ተጋግሯል። ጀማል የማቀብለውን ዕቃ ሁሉ ከመንካቱ በፊት «ይሄ ምንድን ነው?» ይለኛል። ስሙን እነግረዋለሁ፤ ከምን እንደሆነ፣ ስንት ውሃ እንደገባበት፣ ምን እንደሚያቃጥል እነግረዋለሁ። ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ ወዲያው አይቀበለኝም። ፊቴን ያያል። ከዚያ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብሎ ያሸታል፤ ጆሮውንም ያስጠጋል፤ ያዳምጣል።